ዋይማክስ፦ ቀድሞ የደረሰው ተሸናፊ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2006 ስፕሪንት የተባለው የአሜሪካ የሞባይል ኩባንያ እስከ 3 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ አዲስ የሽቦ አልባ ኢንተርኔት ኔትወርክ እንደሚዘረጋ አስታወቀ። ኢንቴል፣ ሞቶሮላና ሳምሰንግ ከጎኑ ተሰልፈዋል፤ የመረጡት ቴክኖሎጂ ዋይማክስ ነበር። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ በዚያው ዓመት በጁን ወር ዋይብሮ በሚል ስም አገልግሎቱን ለሕዝብ ከፍታለች። ተፎካካሪው ኤልቲኢ በዚያን ጊዜ ገና ሰነድ ነበር፤ የመጀመሪያው ደንቡ የጸደቀው በ2008 መጨረሻ ነው።

ዋይማክስ ከኮምፒውተሩ ዓለም የመጣ ነው። ደንቡን ያወጣው የዋይፋይን ደንብ ያወጣው የመሐንዲሶች ማኅበር ነው። ኢንቴል በ2003 ሴንትሪኖ ብሎ ባወጣው ምርት ዋይፋይን የላፕቶፕ ሁሉ መደበኛ ዕቃ አድርጎት ስለነበር፣ ያንኑ ድል በከተማ ስፋት ሊደግመው አሰበ። ኤልቲኢን ያረቀቁት ግን የስልክ ሰዎች ናቸው፤ የሦስተኛውን ትውልድ ሞባይል ደንብ ያወጡት።

የሚገርመኝ የሁለቱ መመሳሰል ነው። ሁለቱም መረጃውን በአንድ ሰፊ ሞገድ ከመላክ ይልቅ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቀጫጭን ሞገዶች ላይ ከፋፍለው ይልኩታል። በሕንጻና በግድግዳ እየተንጸባረቀ የሚዘበራረቅ ሞገድ እንዲህ ሲከፋፈል ጉዳቱ ይቀንሳል። ልዩነቱ በዝርዝሩ ነው። ዋይማክስ ባብዛኛው መላክና መቀበልን በአንድ ሞገድ ላይ በየተራ ያስኬዳል፤ አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ ድልድይ ላይ ከወዲያና ከወዲህ የሚመጡ መኪኖች ተራ እንደሚጠባበቁት። ኤልቲኢ መጀመሪያ የተስፋፋው ለመላኪያና ለመቀበያ የተለያየ ሞገድ በመመደብ ነው። ከስልኩ ወደ ማማው ለሚሄደው መረጃም ኃይል የሚቆጥብ ሌላ ዘዴ መርጧል፤ ስልኩን በኪሱ ለሚይዝ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፍርዱን የሰጡት ግን እነዚህ ልዩነቶች አይመስሉኝም። የዓለም ስልክ ኩባንያዎች አብዛኞቹ ጂኤስኤም በተባለው የሞባይል ደንብ መስመር የመጡ ነበሩና፣ ኤልቲኢ ነባር ኔትወርካቸውን ሳያፈርሱ የሚያሻግራቸው መንገድ ሆነ። የአሜሪካው የሞባይል ኩባንያ ቬራይዘን እንኳ በሌላ መስመር የመጣ ሆኖ ሳለ በ2007 ወደ ኤልቲኢ አዘነበለ። ስፕሪንት የያዘው 2.5 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ በግድግዳ ለማለፍ ይቸገራል፤ ቬራይዘን በ2008 ጨረታ የገዛው 700 ሜጋ ኸርዝ ግን ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። በዲሴምበር 2009 ቴሊያሶኔራ የተባለው የስልክ ኩባንያ በስቶክሆልምና በኦስሎ የኤልቲኢ አገልግሎት ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት ቬራይዘን በአንድ ጊዜ በ38 ከተሞች አገልግሎቱን አበራ። የሩሲያው ዮታ ኩባንያ ሳይቀር በ2010 ዋይማክስን ትቶ ወደ ኤልቲኢ እንደሚዞር አስታወቀ። በአዲስ አበባም ኢትዮ ቴሌኮም በ2015 አራተኛውን ትውልድ ሲያስጀምር ይዞ የመጣው ኤልቲኢን ነው።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ለአራተኛው ትውልድ ያስቀመጠው መለኪያ ከባድ ነበር፦ ደንበኛው ባለበት ሲቆም 1 ጊጋቢት፣ ሲጓዝ 100 ሜጋቢት በሰከንድ። በኦክቶበር 2010 መለኪያውን ያሟላሉ ተብለው የታወቁት የሁለቱም የተሻሻሉ ዝርያዎች ናቸው። ስለዚህ ዋይማክስ በወረቀት ላይ አልተሸነፈም፤ የተሸነፈው ስልክ ሠሪውም ኦፕሬተሩም ሌላው ጋር ስለሄዱ ነው።

ስፕሪንት የዋይማክስ ኔትወርኩን በኖቬምበር 2015 ለመዝጋት ሲዘጋጅ፣ በዚሁ ኔትወርክ በዝቅተኛ ዋጋ ኢንተርኔት ለትምህርት ቤቶችና ለበጎ አድራጎት ተቋማት የሚያቀርቡ ሁለት ድርጅቶች በማሳቹሴትስ ፍርድ ቤት ከሰሱት። ፍርድ ቤቱ የ90 ቀን ጊዜ ሰጣቸው። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ የቴክኖሎጂ ሽንፈት በሒሳብ ደብተር ላይ ኪሳራ ተብሎ ሲመዘገብ፣ በአንድ ቤት ግን የልጅ የቤት ሥራ መሥሪያ መስመር መቋረጥ ነው። ኔትወርኩ በ2016 ተዘጋ፤ የኮሪያው ዋይብሮም በ2018 መጨረሻ ተከተለው።

የአሜሪካው የሞባይል ኩባንያ ቲሞባይል በ2020 ስፕሪንትን ሲጠቀልል ያንን 2.5 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ አብሮ ወረሰ። ዛሬ የአምስተኛው ትውልድ አገልግሎቱ ዋና መሠረት እሱ ነው፤ መላክና መቀበልንም በየተራ ያስኬድበታል።