በመኖሪያ ቤት የጊታርን ድምፅ ደራርቦ ስለ መቅረጽ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ሰው በመኖሪያ ቤቱ ተቀምጦ የበርካታ ጊታሮችን ድምፅ ደራርቦ ሊቀርጽ የቻለበትን ታሪክ ነው። የዓመታቱ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ይህ ጥበብ ከታላላቅ የሸክላ ኩባንያዎች ወጥቶ ወደ ቤት የገባ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ማስረጃውን ስንመለከት ቤት ራሱ ከጥበቡ መፍለቂያዎች አንዱ እንደ ነበረ እንረዳለን።

አሜሪካዊው ጊታር መቺ ሌስ ፖል በሆሊውድ በነበረው ጋራዡ ውስጥ ሲሠራ በመጀመሪያ የተጠቀመው በሸክላ ነበር። አንዱን ድምፅ ይቀርጻል፤ እርሱን እያሰማ ሌላውን ይጫወትና ሁለቱን በአንድነት በአዲስ ሸክላ ላይ ይቀርጻል። በ1948 ካፒቶል ያወጣለት «ላቨር» የተባለው ሥራ በዚህ አኳኋን የተደራረቡ ስምንት የጊታር ድምፆች አሉበት። ጊታሩ የኤሌክትሪክ ቢሆንም ዘዴው ለአኩስቲኩም ያው ነው። ችግሩ ግን በተገለበጠ ቍጥር የፊተኛው ድምፅ እየደበዘዘ መሄዱ ነው። ስለዚህ እምብዛም የማያስፈልገውን አስቀድሞ፥ ዋናውን በመጨረሻ መቅረጽ ግድ ሆነ።

በ1949 ዘፋኙ ቢንግ ክሮዝቢ የአምፔክስ ቴፕ መቅረጫ ሰጠው። ሌስ ፖልም አንድ ተጨማሪ ራስ አስገጥሞበት በዚያው ቴፕ ላይ ድምፅ በድምፅ መደረብ ቻለ። ይሁን እንጂ የተደረበው ከቀድሞው ጋር ስለሚዋሐድ፥ በመጨረሻው ላይ አንድ ጣት ቢስት ሥራው ሁሉ እንደ ገና ይጀመር ነበር። ይህን ጭንቀት ያስወገደው በ1957 ከአምፔክስ ያገኘው ባለ ስምንት መሥመር መኪና ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ በየራሱ መሥመር ስለ ተቀመጠ የተሳሳተውን ብቻ ለይቶ መድገም ተቻለ። ነገር ግን ዋጋው 10,000 ዶላር ያህል ስለ ነበር ለተራው ሙዚቀኛ የሚደረስበት አልነበረም።

በ1979 የጃፓኑ ቲያክ ኩባንያ በተራ ካሴት ላይ አራት መሥመር የሚቀርጸውን ፖርታስቱዲዮ 144 አወጣ። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በጥር 1982 በኒው ጀርሲ ባለው ቤቱ፥ በዚህ መኪናና በሁለት ማይክሮፎን ብቻ፥ ድምፁንና አኩስቲክ ጊታሩን ቀረጸ፤ በቀሩት መሥመሮችም ሌላ ጊታርና ሃርሞኒካ ጨመረ። የቀረጸው ለባንዱ ማሳያ እንዲሆን ነበር። ባንዱም በኒው ዮርክ ስቱዲዮ ደግሞ ሞከረው፤ ነገር ግን የካሴቱ ስሜት ስላልተገኘ፥ በመስከረም 1982 «ኔብራስካ» ተብሎ የወጣው ያው የቤቱ ቀረጻ ሆነ።

ዛሬ ኮምፒዩተር መሥመሩን እጅግ ስላበዛው ድምፅም ሲገለበጥ ስለማይደበዝዝ፥ የጥንቱ ችግር ተወግዷል። የመምረጥ ኀላፊነት ግን አልተወገደም። አንድን የጊታር ቀረጻ ገልብጦ በራሱ ላይ መደረብ ድምፁን ከማጉላት በቀር የሚጨምረው የለም፤ ሁለት ጊዜ በእጅ ተመትቶ አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ሲሰማ ግን፥ የእጁ ጥቂት ልዩነት ለዜማው ስፋት ይሰጠዋል። እንግዲህ ከታሪኩ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው፤ መኪናው ያቀለለው ድካሙን እንጂ ፍርዱን አይደለም፤ የትኛው ድምፅ እንደሚገባና የትኛው እንደሚቀር የሚወስነው ዛሬም የሙዚቀኛው ጆሮ ነው።