የሰናፍጭ መርዝና የማር መድኃኒትነት

በሐዋሳ ከተማ ዛሬ ለካንሰር ሕመምተኞች ኬሞቴራፒ ይሰጣል። በዚህ የሕክምና ዘርፍ በዓለም ሁሉ ከታወቁት መድኃኒቶች አንዱ ሳይክሎፎስፋሚድ ነው። የዚህ መድኃኒት የትውልድ ሐረግ ወደ ኋላ ቢቆጠር የሚደርሰው ከጦር መርዝ ላይ ነው፤ መርዙም ለቀድሞው የሲዳሞ ጦር እንግዳ አልነበረም።

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ከመቆርቆሯ ከሃያ ዓመት በላይ አስቀድሞ የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው ወደ ገናሌ ዶርያ ዘምተው ነበር። በ1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ አውሮፕላኖች በዚህ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ የተባለውን መርዝ ጣሉበት። በዚሁ ዓመት ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪም ቤት በቦምብ ተደበደበ። ጋዙ ሰናፍጭ መባሉ ስለ ሽታው ነው እንጂ ከተክሉ ጋር ዝምድና የለውም። ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይንን ያሳውራል፣ የመተንፈሻ አካልንም ይልጣል።

በዓይን የታየው ቃጠሎው ነበር። የተሰወረውን ጉዳት ያገኙት በኤድንብራ ይሠሩ የነበሩት ሻርሎት አወርባክ ከሥራ ባልደረባቸው ከሮብሰን ጋር ነው። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ዝንቦችን ሲመረምሩ መርዙ የዘርን ባሕርይ እንደሚለውጥና ለውጡም ወደ ልጆች እንደሚተላለፍ ተረዱ። ነገሩ የጦርነት ምስጢር ስለ ነበረ ግን እስከ 1938 ዓ.ም. ድረስ በጽሑፍ አልወጣም። በዚያው የጦርነት ዘመን፣ በ1934 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የመርዙ ዘመድ የሆነው ናይትሮጅን መስታርድ ለአንድ የካንሰር ሕመምተኛ ተሰጠ፤ እባጩም ለጊዜው ሟሸሸ። ሁለቱ ግኝቶች በእውነቱ አንድ ናቸው። መድኃኒቱ የካንሰሩን ሕዋስ የሚገድለው ዘረመሉን በመጉዳት ነው፤ ጤነኛውንም ሕዋስ አይምርም። ስለዚህ ከዳኑት መካከል ከዓመታት በኋላ መካንነት ወይም ሌላ ካንሰር የሚያገኛቸው አሉ።

ማር እዚህ ላይ ይገባል። በኢትዮጵያ ማር ለቁስልና ለሳል መድኃኒት ሆኖ የኖረ ነው፤ ከመሬት ውስጥ የሚወጣው የጣዝማ ማርማ ከሌላው ይበልጥ ይከበራል። ይሁን እንጂ ባህሉ የሚናገረው ስለሚታይ ሕመም ነው፤ ስለ ዘረመል ጉዳት አባቶች ያሉት ነገር የለምና እነርሱን ለአዲሱ ጥያቄ ምስክር አድርጎ መጥራት ስሕተት ይሆናል። በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ማርና ፕሮፖሊስ፣ ማለት ንቦች ከዛፍ ሙጫ አዘጋጅተው ቀፏቸውን የሚደፍኑበት ነገር፣ በካንሰር መድኃኒት ምክንያት የሚደርሰውን የክሮሞሶም ስብራት ሲቀንሱ ታይተዋል። በሰው ላይ ግን ማር የተሞከረው ይበልጡን በሕክምናው ምክንያት ለሚመጣው የአፍ ቁስል ነው። ጤነኛውን ሕዋስ የሚጠብቀው ነገር ካንሰሩንም እንዳይጠብቅለት ያሠጋል፤ ይህ ገና አልተፈታም። ነጭ የደም ሕዋሱ ለወረደበት ሕመምተኛም ያልተጣራ ጥሬ ማር ጀርም ሊያመጣበት ስለሚችል ብዙ ሐኪሞች ይከለክሉታል።