በዕጣ የሚደርስ ፈረስ፦ የአሜሪካ ኮሌጆች የግልቢያ ቡድኖችና አሠልጣኞቻቸው

በአሜሪካ ፈረስ ግልቢያን በሥርዓት የማስተማሩ ተግባር ለብዙ ዘመን የጦር ሠራዊቱ ድርሻ ነበር። በካንሳስ ግዛት በፎርት ራይሊ የነበረው የፈረሰኛ ትምህርት ቤት ያፈራቸው መኮንኖች አገራቸውን በኦሊምፒክ ይወክሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1948 በለንደን የሦስት ቀኑን የፈረስ ውድድር በቡድን አሸንፈው ወርቅ የወሰዱትም ወታደሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ታንክና መኪና ፈረስን ከጦር ሜዳ ስላስወጡት የፈረሰኛው ጦር ሲበተን ሙያው ባለቤት አጣ። እ.ኤ.አ. በ1950 ሲቪሎች ብሔራዊ ቡድን ቢያቋቁሙም፥ የጥቂት ምርጦች ቡድን ነበርና የራሱ ፈረስ የሌለው ወጣት የሚገባበት በር አልነበረም።

በሩን የከፈተው አንድ ተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በኒው ጀርሲ በፌርሊ ዲኪንሰን ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ሮበርት ካኪዮኒ፥ በአማካሪው በጃክ ፍሪትዝ እየታገዘ የኮሌጆችን የፈረስ ትርኢት ማኅበር መሠረተ። በማኅበሩ ደንብ መሠረት ተወዳዳሪ የራሱን ፈረስ ይዞ አይመጣም። ፈረሶቹን የሚያቀርበው አስተናጋጁ ኮሌጅ ሲሆን፥ ማን በየትኛው ላይ እንደሚወጣ የሚወሰነው በዕጣ ነው። ተማሪው በማያውቀው ፈረስ ላይ ተቀምጦ፥ አንዲት ዙር እንኳ ሳይለማመድ በቀጥታ ዳኛ ፊት ይቀርባል። የሚዳኘውም የፈረሱ ውበት ሳይሆን የጋላቢው አቀማመጥና አያያዝ ነው።

የኢትዮጵያን ልማድ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ሲባሉ ፈረሰኛው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ሁለቱ እንደ አንድ አካል ይታዩ ነበር። የኮሌጁ ውድድር ግን ይህንኑ ጥምረት ሆነ ብሎ ያፈርሰዋል።

ከዚህም የተነሣ አንድን ጋላቢ ለአንድ ፈረስ ማዘጋጀት ለአሠልጣኙ አይጠቅመውም። መሐንዲስ የአፈሩን ጠባይ ሳይመረምር መሠረት አይጥልም፤ ይህ አሠልጣኝ ግን በማንኛውም አፈር ላይ የሚቆም ነገር እንዲሠራ ተጠይቋል። ስለዚህ በየልምምዱ ፈረስ ይለዋውጣል፤ ተማሪውን ዛሬ በደንባራው፥ ነገ በሰነፉ፥ ከነገ ወዲያ ልጓም ሲጠብቅበት በሚያምፀው ላይ ያስቀምጠዋል። ያለ እርካብ በሶምሶማ ያስኬደዋል፤ ይኸውም ሚዛኑን ከእርካብና ከዛብ ሳይሆን ከወገቡና ከጭኑ እንዲያገኝ ነው። በውድድሩ ዕለት ጠዋት የአስተናጋጁ ሰዎች ፈረሶቹን ሲያፍታቱ አጥሩ አጠገብ ቆሞ ይመለከታል፤ የትኛው በግራ ዙር ይጣመማል፥ የትኛው ገና ተረከዝ ሲነካው ይፈናጠራል፥ የትኛው መሰናክል ሲያይ ያመነታል። ዕጣው ከወጣ በኋላ ለተማሪው ሁለት ዐረፍተ ነገር ቢነግረው ይበቃል፤ ሦስተኛው ያደናግረዋል።

የነጥቡ አቆጣጠር የአሠልጣኙን ብልሃት የበለጠ ይፈትናል። በየደረጃው አንደኛ የወጣ 7፥ ሁለተኛ 5፥ ከዚያም ተከታዮቹ 4፥ 3፥ 2 እና 1 ያገኛሉ። አሠልጣኙ ውድድሩ ሳይጀመር በየደረጃው ነጥቡ ለቡድኑ የሚቆጠርለትን አንድ ተወዳዳሪ ያሳውቃል፤ ሌላው የቡድኑ አባል ቢያሸንፍ ድሉ የግሉ ብቻ ነው። ደረጃዎቹም በእርምጃና በሶምሶማ ብቻ ከሚሄደው ጀማሪ ተነሥተው መሰናክል እስከሚዘለው አንጋፋ ይደርሳሉ። የጀማሪው 7 ከአንጋፋው 7 አያንስም! ልጅነታቸውን በኮርቻ ላይ ያሳለፉ ኮከቦችን የሰበሰበ ኮሌጅ ጀማሪዎቹን ችላ ካለ ሊሸነፍ ይችላል። በመስከረም ፈረስ ነክቶ የማያውቀውን ተማሪ ተቀብሎ በሚያዝያ ለነጥብ የሚያደርስ አሠልጣኝ ግን ዋንጫ ያነሣል።

ሌላው ሥርዓት የመጣው ከሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ሕግ በትምህርት ተቋማት በጾታ ማበላለጥን ስለከለከለ፥ በአሜሪካ ፉትቦል ብዙ ወንዶችን የሚያሰልፉ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ሴቶችን የሚይዝ ስፖርት ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ብሔራዊው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ግልቢያን ከታዳጊ የሴቶች ስፖርቶች መደበው። በዚህ ሥርዓት ከሁለቱ ቡድኖች የተመደቡ ጋላቢዎች በአንድ ፈረስ ላይ በየተራ ይወጣሉ፤ ለማሟሟቂያ 4 ደቂቃ ይሰጣቸዋል፤ የበለጠ ውጤት ያገኘችው ለቡድኗ ነጥብ ታስገኛለች። ፈረሱ ለሁለቱም አንድ በመሆኑ ንጽጽሩ ከፊተኛው ይልቅ የጠራ ነው፤ ሁለተኛዋ የተቆጣ ፈረስ ልትረከብ መቻሏ ሳይዘነጋ። ለጀማሪ ግን ቦታ የለውም። የአሠልጣኙ ድካም ግማሹ የበሰለች ጋላቢ ከየአገሩ መመልመል ሆኗል።

ወጪውም ቀላል አይደለም፤ ጋጣ፥ ድርቆሽ፥ የእንስሳት ሐኪም ሁሉ ገንዘብ ነው። ለፎርት ራይሊ ጎረቤት የሆነው የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የግልቢያ ቡድኑን አስቀርቶ በምትኩ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን እንደሚያቋቁም እ.ኤ.አ. በ2014 አስታወቀ። ካኪዮኒ የመሠረተው ማኅበር በበኩሉ ከ300 በላይ ኮሌጆችን ያቀፈ ሲሆን፥ በእርምጃና በሶምሶማ ብቻ የሚወዳደሩት ጀማሪዎች ዛሬም ዕጣቸውን ያወጣሉ።