ጠመኔ የማይዙ የሒሳብ መምህራን

የሒሳብ መምህር ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ጠመኔ ይዞ፣ ጀርባውን ለተማሪ ሰጥቶ ጥቁር ሰሌዳ የሚሞላ ሰው ነው። ሰበታ ውስጥ ግን ጠመኔ ለማንም የማይጠቅምበት የሒሳብ ክፍል አለ። እዚያ መምህሩ ሰሌዳው ላይ አይጽፍም። ከተማሪው ጎን ይቀመጥና ጣቱን ይይዛል።

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጣ ብላ የምትገኘው ሰበታ የምትታወቀው በፋብሪካዎቿ ነው። ዛሬ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር ሸገር በሚባለው ከተማ ሥር ተጠቃልላለች። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ግን ሌላ ስም ነበራት፤ ማየት የተሳናቸው ልጆች ከየጠቅላይ ግዛቱ መጥተው የሚያድሩባትና የሚማሩባት የመርሐ ዕውራን ከተማ ነበረች። የልዩ ፍላጎት መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅም የተተከለው እዚያው ሰበታ ነው።

ስለ እነዚህ መምህራን ሥራ ለመናገር መጀመሪያ መሣሪያዎቹን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው ስሌትና ስታይለስ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በ1829 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሕፈት በስድስት ነጥቦች ይሠራል። ተማሪው ወረቀቱን በስሌቱ መሐል አስገብቶ በስታይለስ ይወጋል። ነጥቡ የሚያብጠው ከወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ ጽሕፈቱ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ለማንበብ ወረቀቱን አውጥቶ መገልበጥ ግድ ነው። ለደብዳቤና ለማስታወሻ ይህ ችግር የለውም። ለሒሳብ ግን ፈተና ነው። ሁለት ቁጥሮችን ከላይና ከታች ጽፎ፣ "በእጅ አንድ" ብሎ ወደ ቀጣዩ ቤት ማለፍ ለሚያይ ልጅ የአንድ አፍታ ሥራ ነው። በስሌት የሚጽፈው ልጅ ግን የጻፈውን ለማየት በየደረጃው ወረቀቱን እያወጣ ሊገለብጥ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ የመጣው ለዚህ ነው፤ አባከስ። አባከስ በእስያ ገበያዎች ለዘመናት ያገለገለ የቆየ ነገር ነው። ችግሩ ዶቃዎቹ በጣት ሲነኩ መንሸራተታቸው ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. ቲም ክራንመር የሚባል ማየት የተሳነው የኬንታኪ ሰው ከዶቃዎቹ ጀርባ ለስላሳ ንጣፍ አደረገበትና ዶቃው በተቀመጠበት እንዲቆይ አስቻለው። በእጅ የሚያዝ፣ ከደብተር ያነሰ ነገር ነው። 13 ዘንጎች አሉት። በእያንዳንዱ ዘንግ ከመሐለኛው አግዳሚ በላይ አንድ ዶቃ፣ በታች አራት ዶቃዎች አሉ። የላይኛው 5 ነው፤ የታችኞቹ እያንዳንዳቸው 1 ናቸው።

7 እና 8 ይደመሩ። ልጁ የላይኛውን ዶቃና ከታች ሁለቱን ወደ አግዳሚው ያስጠጋል፤ 7 ሆነ። 8 ለመጨመር የቀረው ዶቃ አይበቃም። ስለዚህ ከግራ ባለው የአሥር ቤት አንድ ይጨምርና ከአንድ ቤት 2 ይቀንሳል። በጣቱ ሥር 15 ተቀመጠ። የሚያይ ልጅ "በእጅ አንድ" የሚለውን ብዙ ጊዜ በልማድ ይሸመድደዋል። ይህ ልጅ ግን 8 ማለት ከ10 ላይ 2 የጎደለ መሆኑን ሳያውቅ አንድ እርምጃ አይራመድም። ይህን ለአንድ ልጅ፣ ከዚያ ለቀጣዩ፣ ከዚያ ለሌላው፣ ጣት እየያዘ ያስረዳ መምህር ነው እንግዲህ ስሙ የማይነሳው።

የታሪኩ መራራ ክፍል ከዚህ በኋላ ነው። ያ ልጅ ከአዳሪ ትምህርት ቤቱ ወጥቶ መደበኛ ትምህርት ቤት ሲገባ ሒሳብ ከእጁ ይወጣል። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች በከፍተኛ ክፍሎች ከሒሳብ ነፃ ይደረጋሉ፤ ምድባቸው ማኅበራዊ ሳይንስ ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤታቸው የሚሰላውም ሒሳብን ሳይጨምር ነው። ነገሩ የተጀመረው በርኅራኄ ሊሆን ይችላል። መሣሪያና የሠለጠነ መምህር በሌለበት ፈትኖ መጣል ግፍ ነውና። ነገር ግን "ነፃ ተደርገሃል" የሚለው ቃል ለልጁ ሌላ ትርጉም አለው። ኢኮኖሚክስ፣ ኮምፒውተር፣ ምሕንድስና፣ ፊዚክስ የሚባሉ በሮች ሳያንኳኳቸው ተዘግተዋል ማለት ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ደግሞ ትምህርት ከሌሎች ጋር በእኩልነት እንዲሰጥ ያዛል።

ዓይን የሌለው ሒሳብ አይችልም የሚለው ሐሳብ በራሱ ለዚህ አገር እንግዳ መሆን ነበረበት። የአብነት ትምህርት ቤቱ ብርሃናቸውን ያጡ ሊቃውንትን ወንበር ላይ ሲያስቀምጥ ኖሯል። ባሕረ ሐሳብን እንመልከት። 5500 ላይ 2017 ተደምሮ 7517 ይሆናል፤ ለ19 ሲገደፍ 12 ይቀራል። አንድ ተቀንሶ ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ነው። ይህ ሁሉ በቃል የሚሠራ ሒሳብ ነው፤ ወረቀትም ዓይንም አይጠይቅም።

ከውጭም ምሳሌ ሞልቷል። በሕፃንነቱ ፈንጣጣ ዓይኑን ያጠፋበት ኒኮላስ ሳውንደርሰን በ1711 እ.ኤ.አ. ኒውተን ይዞት በነበረው የካምብሪጅ የሒሳብ ወንበር ተቀምጧል። የሚያሰላውም በጣት በሚዳሰስ፣ ራሱ ባበጀው የእንጨት ገበታ ነበር። አሜሪካዊው አብርሃም ኔመዝ ደግሞ ሒሳብ ለዓይነ ስውር አይሆንም ተብሎ ሥነ ልቦና እንዲማር ተመከረ፤ ተማረም። በኋላ ወደ ሒሳብ ተመልሶ በዲትሮይት ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት አስተማረ። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበትን የሒሳብ ብሬልም ፈጠረ።

በኢትዮጵያ ስለ ትምህርት ቴክኖሎጂ ሲወራ የሚነሳው ሌላ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፕላዝማ መጣ፤ መምህሩ ከቴሌቪዥን ጎን ቆሞ ተመልካች ሆነ። ስክሪኑ ላይ በዝምታ የሚጻፈው ቀመር ለማያየው ተማሪ ምንም ነበር። በ2004 ደግሞ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ለሕፃናት ታብሌት ያለ መምህር ተሰጠ። ልጆቹ በራሳቸው ከፈቱት ተብሎ ዓለም አጨበጨበ። መምህር የሌለበት መሣሪያ ዜና ሆነ። መሣሪያ ከእጁ የማይለይ መምህር ግን ዜና አልሆነም።

የዓለም መምህራን ቀን መስከረም 25 ይውላል። መስከረም 25 ቀን 2009 ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው የባቡር መስመር ተመረቀ፤ ካሜራው ሁሉ ወደ ሐዲዱ ዞረ። ይገባዋል። ነገር ግን በዚያው ቀን፣ በዚያው ከተማ ስም፣ አባከስ የያዘ መምህር መድረክ ላይ ወጥቶ ቢሆን ማን ይቃወም ነበር?

ክብር ሲባል የምስክር ወረቀትና ካባ ብቻ አይደለም። ትልቁ ክብር የጀመሩትን ሥራ ማስቀጠል ነው። ነገ ማየት የተሳናት ልጅ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ባለ መደበኛ ትምህርት ቤት ብትመዘገብ፣ የሒሳብ መምህሯ አባከስ ነክቶ የሚያውቅ ቢሆን፣ የሒሳብ ብሬል መጽሐፍ ቢደርሳት፣ የሚናገር ስልኳን ይዛ ክፍል እንድትገባ ቢፈቀድላት፣ ፈተናውንም "ነፃ ነሽ" ከመባል ይልቅ በሚመቻት መንገድ እንድትፈተን ቢደረግ፣ የሰበታ መምህራን ያን ጊዜ ተከበሩ ማለት ይቻላል።

እስከዚያው ድረስ እነሱ ልጁን እስከ በሩ አድርሰውታል። በሩን መክፈት የሌላው ድርሻ ነው።