እንቁራሪቷን ከጓሳ ከመውሰዳችሁ በፊት

ጓሳ ላይ ያያችኋትን ትንሽ እንቁራሪት ቤት ወስዳችሁ ለማሳደግ አስባችኋል? እስቲ መጀመሪያ ታሪኩን እንይ።

ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የደቡብ አፍሪካ እንቁራሪቶች ለእርግዝና ምርመራ ወደ ውጭ ይላኩ ነበር። ኋላም የዛፍ እንቁራሪቶች ሳይቀሩ ለቤት እንስሳነት ከአገር አገር ተሸጡ። በዚህ ንግድ ቆዳ የሚያጠቃ ፈንገስ አብሮ ተጓዘ፤ ሳይንሳዊ ስም ያገኘው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። እንቁራሪት ውሃ የምትወስደው በቆዳዋ ነው፣ ትተነፍስበታለችም። ቆዳዋ ሲታመም የደሟ ጨው ይዛባል፣ ልቧ ይቆማል። ፈንገሱ ኢትዮጵያ ውስጥም ተገኝቷል።

ስለዚህ ቤት ያስገባችኋትን እንቁራሪት ሌላ ወንዝ ውስጥ አትልቀቋት፤ የነበረችበትንም ውሃ ጅረት ላይ አትድፉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የመንዝ አባቶች መላ ነው፦ እስከ 1967 ዓ.ም. በዘለቀው የቄሮ ሥርዓት፣ ሣሩ እስኪያገግም ጓሳን ለዓመታት ይዘጉት ነበር። እናንተም እዚያው ረግረጉ ላይ ተመልከቷት።