ብርዱ ሲወጣ፦ በማዳም ጓሮ የሚሠሩ ሥራዎችና ጥንቃቄያቸው (ሊባኖስ)

በሊባኖስ ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ ዝናቡ እየቀነሰ፣ ፀሐዩም እየሞቀ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ማዳም ጓሮውን አይታ «ዛሬ ውጭውን አስተካክዪ» ትልሻለች። አገር ቤት ጎመን ስትኮተኩቺ ካደግሽ ሥራው አይከብድሽም። ግን እዚህ ጓሮ ውስጥ አገር ቤት የማናውቃቸው አደጋዎች አሉ። እህቴ፣ መጀመሪያ ሥራውን፣ ቀጥሎ አደጋዎቹን እናሳይሽ።

ከመጀመርሽ በፊት

ጓንት፣ እጅጌው ረጅም ልብስና ድፍን ጫማ ያስፈልግሻል። ጓንት ከሌለ «ማዳም፣ ባዲ ክፉፍ» (ጓንት እፈልጋለሁ) በያት። ዝናብ እንደዘነበ አትቆፍሪ። አፈሩን ጨብጪው፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ሌላ ቀን ጠብቂ፣ ከተፈረፈረ ጀምሪ።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. አረም፦ አበባ ሳያወጣ ከነሥሩ ንቀዪ። ዘሩን ከጣለ ዓመቱን ሙሉ ስትነቅዪ ትከርሚያለሽ። ግን መጀመሪያ ጠይቂ፤ ኹበይዜና ሂንድቤ አረም ይመስላሉ፣ እነሱ ግን አብስለው ይበሏቸዋል።

2. ጽጌረዳ፦ የደረቀውን፣ የታመመውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ ቁረጪ። ወደ ውጭ ከሚያይ ቡቃያ ግማሽ ሳንቲም ሜትር ያህል ከፍ ብለሽ በሰያፍ ቁረጪው። ቤቱ ተራራ ላይ ከሆነ ውርጩ እስኪያልፍ ጠብቂ። ያበበ የኮክ ዛፍ ግን አትንኪ፤ አበባው ከተቆረጠ ፍሬ የለም።

3. ሎሚ፦ የደረቀውን ብቻ አንሺለት። ማዳበሪያውን ከግንዱ አርቀሽ፣ የቅርንጫፉ ጥላ በሚያርፍበት ዙሪያ በትኚና ወዲያው ውኃ አጠጪ። ግንዱ ሥር ከተከመረ ያቃጥለዋል።

4. ቅጠላ ቅጠል፦ የባቅዱኒስ ዘር ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድሪና ዝሪ። ለመብቀል ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጅበታል፤ አልበቀለም ብለሽ አትገልብጪው። ናና ሥሩ እየሮጠ ሌላውን ስለሚያጠፋ በማሰሮ ይሻላል። ቲማቲምና ኩሳ ብርድ አይችሉም። ባዶ የላብኔ ዕቃ ከሥሩ ብሺና ዘሩን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አብቅዪ። ችግኙን ከባሕሩ አጠገብ ባሉ ከተሞች በሚያዝያ፣ ተራራ ላይ በግንቦት ታወጪዋለሽ።

ሦስቱ አደጋዎች

የጥድ አባጨጓሬ፦ ስኖባር በሚለቀምባቸው ዛፎች ላይ ነጭ የሸረሪት ድር የሚመስል ጎጆ ካየሽ ተጠንቀቂ። ክረምቱ ሲያልቅ አባጨጓሬዎቹ ተሰልፈው ወደ መሬት ይወርዳሉ። ፀጉራቸው ቆዳ ያሳክካል፣ ያሳብጣል፤ ዓይንን ሊጎዳ፣ ትንፋሽም ሊያሳጥር ይችላል። አትጥረጊያቸው፣ ጎጆውን አትንኪ፣ አታቃጥዪ። ከነካሽ አትከኪው። በፕላስተር እየለጠፍሽ ፀጉሩን አንሺና በሳሙና ታጠቢ። ዓይንሽ ከገባ በብዙ ውኃ እጠቢና ሐኪም ቤት ሂጂ።

ዲፍላ፦ ሮዝ ወይም ነጭ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ ረጅምና ቀጭን የሆነ የአጥር ተክል ነው። ሁለመናው መርዝ ነው። ስትቆርጪው በጓንት ይሁን። እንጨቱን አትማግጂው፤ ጭሱም ይጎዳል። ልጆች ወደ አፋቸው እንዳያስገቡም ጠብቂ።

የተባይ መድኃኒት፦ ትልቁ አደጋ ይሄ ነው። ምን እንደሆነ ሳታውቂ አትርጪ። «ሃይዳ ሲም?» (ይሄ መርዝ ነው?) ብለሽ ጠይቂ፤ ጽሑፉን በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ አስተርጉሚ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ አትንኪው። ነፋስ ባለበት አትርጪ። በወጥ ቤት ዕቃ አትበጥብጪ፣ በውኃ ጠርሙስም አታስቀምጪ። ስትጨርሺ ገላሽን ታጠቢ፤ ልብስሽን ለብቻው እጠቢ።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዙ ላብና ምራቅ፣ የዓይን ብዥታ፣ የጡንቻ መንዘር ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ «ትንሽ ልረፍ» ብለሽ አትተኚ። ከቦታው ራቂ፣ ልብሱን አውልቂ፣ ታጠቢ፣ ወደ ሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ140 ደውዪ። ዕቃውን ወይም ፎቶውን ለሐኪሙ አሳዪ። ተውጦም ከሆነ ለማስመለስ አትሞክሪ።

ይሄ ሥራ የእኔ ነው?

እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም። ስለዚህ የምትይዢው ኮንትራትሽን ነው። በ2009 የወጣው መደበኛ ኮንትራት በቀን ከ10 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ፣ በሌሊት ያልተቋረጠ 8 ሰዓት ዕረፍትና በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት ይላል። የጓሮው ሰዓት በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል እንጂ ከቤቱ ሥራ በላይ አይጨመርም። ሁለቱ አብረው ካልሄዱ «ዛሬ ጓሮውን ልሥራ ወይስ ቤቱን?» ብለሽ ምርጫውን ለማዳም ስጫት። የእናቷ ወይም የእህቷ ጓሮም ኮንትራት የፈረምሽበት ቤት አይደለም።

በጓሮ የዋልሽበትን ቀንና ሰዓት፣ የነካሽውንም መድኃኒት በስልክሽ መዝግቢ። አንድ ቀን ብትታመሚ ወይም ስለ ሰዓትሽ ክርክር ቢነሣ ማስረጃሽ እሱ ነው። ጽጌረዳው ቢደርቅ ሌላ ይተከላል፤ ያንቺ ጤና ግን ምትክ የለውም።