ልምድ ከየት ይምጣ?

የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆመን የምናነበው ያው ነው፦ «የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት»። ገና ትናንት ለተመረቅነው! ለመሆኑ የቀድሞዎቹ ልምዱን ከየት አመጡት?

እስቲ ታሪክን እንጠይቅ። ከነቀምት በኡኬ አድርገን ወደ ቡሬ ስንሄድ የምናቋርጠው አንገር ወንዝ ወደ ዴዴሳ፣ ዴዴሳም ወደ ዓባይ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 መንግሥት ከአሜሪካ የሪክላሜሽን ቢሮ ጋር የዓባይን ተፋሰስ ሲያስጠና አንገርና ዴዴሳም ተጠንተዋል። ከሥራው ዓላማዎች አንዱ ኢትዮጵያውያንን እዚያው ሥራው ላይ ማሰልጠን ነበር። በጥናቱ ከተካተቱት ውስጥ የፊንጫ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1973 ኃይል ማመንጨት ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች መላክ ጀመረ። አብዛኞቹ ግን አስተማሪ ሆኑ እንጂ ወንዝ አልለኩም።

ነቀምት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከልም በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ነው። አንድ ዓመት የመስክ ሥራ ለተማሪው ልምድ፣ ለመንግሥት መረጃ ነው። ሳይለካ ያለፈ ክረምት ደግሞ ተመልሶ አይለካም። መሥሪያ ቤቶቻችን «ልምድ አምጡ» ከሚሉን «ኑና ልመዱ» ቢሉን ምናለበት?